የቤትን ዕዳ በሱቅ ገንዘብ ስለ መክፈል

ዕዳ የማያስጨንቀው ሰው ጥቂት ነው። በተለይም ዕዳው ልጆቹን በሚያሳድግበት ቤት ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ ባለቤቱ የቤቱን ግድግዳ ባየ ቁጥር የባንኩን ማኅተም የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ንግዱ ቀንቶት ጥቂት ገንዘብ በእጁ የገባለት ነጋዴ፣ «ከወርኃዊው ክፍያ ላይ ጨምሬ ብከፍልና ከዚህ ዕዳ ቶሎ ብገላገልስ?» ብሎ ያስባል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ መልካም ሐሳብ ሁሉ በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም ገንዘብ ሲፈጸም መልካም ሆኖ አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን አንባቢያን የማቀርበው አስተያየት አጭር ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው የቤቱን ዕዳ ከተወሰነው ጊዜ አስቀድሞ መክፈል የሚገባው፣ ለክፉ ቀን ካስቀመጠው መጠባበቂያ ወይም ከሱቁ የሥራ ማስኬጃ ላይ ቀንሶ ሳይሆን፣ ሁለቱ ከተሟሉ በኋላ ከሚተርፈው ገንዘብ ብቻ ነው። ይህን የምለው ዕዳን ለማወደስ አይደለም። በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከብዙ ደንበኞች ጋር ሒሳብ ለመተሳሰብ ዕድል ስላገኘሁ፣ ቤቱን ነጻ አወጣለሁ ብሎ ሱቁን ያደከመ ሰው በመጨረሻው ሁለቱንም ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ስለ ተረዳሁ ነው።

የቤት ብድር በከተማችን

የቤት መሥሪያ ብድር ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሕዝቡ እየቆጠበ ቤት እንዲሠራ የሚያበድሩ ድርጅቶች ተቋቁመው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ እነዚህ ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተባሉ። ይኸው ባንክ ቆይቶ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የሚል ስም ይዞ ሲሠራ ከኖረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ሥራውን የቤት ብድር ያደረገው ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራውን ጀመረ።

ሆኖም የቤት ብድር ወደ ብዙው ሕዝብ ቤት የገባው ኮንዶሚኒየም የሚባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ነው። በ20/80 ዕቅድ የተመዘገበ ሰው ከቤቱ ዋጋ ሃያውን በመቶ ከራሱ አዋጥቶ ሰማንያውን በመቶ ከባንክ በብድር ያገኛል። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ጊዜም የ10/90ና የ40/60 ዕቅዶች ተጨምረው ነበር። በእነዚህ ዕቅዶች ዕጣ ወጥቶለት ቁልፍ የተረከበው ሰው ሁሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ይሁን ባለሱቅ፣ ከቁልፉ ጋር የብዙ ዓመታት የብድር ውል ተረክቧል።

በእኛ ሰፈር በመካኒሳ፣ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ሱቆች ለሚመለከት ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጠው፣ የእህል መጋዘን ያለው፣ የልብስ መደብር የከፈተው፣ ብዙዎቹ ቀን በሱቅ ውለው ማታ የሚገቡበት ቤት በባንክ መያዣነት የተያዘ ነው። የደመወዝተኛው ክፍያ ከደመወዙ ተቆርጦ ይሄዳል። የነጋዴው ክፍያ ግን የሚወጣው ዕቃ ከሚገዛበት ከዚያው መሳቢያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። አንዱ መሳቢያ ሁለት ጌቶች አሉት፤ ስለዚህ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው።

የጭማሪ ክፍያ ጥቅም

አስቀድመን ለጭማሪ ክፍያ ተገቢውን ፍርድ እንስጥ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 600,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። በየወሩ የሚከፍለው 6,606 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 6,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር ላይ የሚቀነሰው 606 ብር ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን 20 ዓመቱ ሲፈጸም ተበዳሪው በጠቅላላው 1,585,000 ብር ያህል ይከፍላል። ይኸውም ከተበደረው ገንዘብ ሌላ ለወለድ ብቻ ወደ 985,000 ብር ከፈለ ማለት ነው።

ይኸው ሰው ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በየወሩ 1,000 ብር ቢጨምር ግን ዕዳው በ13 ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ከወለዱም ከ390,000 ብር በላይ ይተርፈዋል። በ13ቱ ዓመታት የጨመረው ገንዘብ ቢደመር 156,000 ብር ያህል ነው። ይህ ተአምር አይደለም፤ ጭማሪው በሙሉ ከዋናው ብድር ላይ ስለሚቀነስ፣ በዚያ ገንዘብ ላይ በሚቀጥሉት ዓመታት ሊታሰብ የነበረው ወለድ ስለሚቀር ነው። ስለዚህም በውሉ መጀመሪያ ዓመታት የተጨመረ አንድ ብር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተጨመረው ይልቅ እጅግ ብዙ ይሠራል።

ሒሳቡ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ለክርክር ቦታ ባልኖረ ነበር። ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ለባንክ ማስገባት በተገባ ነበር። ነገር ግን ነጋዴ ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነውና በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ ሳይመዝን መፍረድ አይገባውም።

በሌላው ወገን ያለው ሚዛን

የመጀመሪያው ገንዘቡ በሱቁ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። 100,000 ብር ለቤቱ ዕዳ ቢገባ፣ ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ በዓመት 12,000 ብር ያህል ወለድ ያድናል። ይኸው 100,000 ብር ዕቃ ተገዝቶበት በዓመት አራት ጊዜ ቢገለበጥና በየዙሩ ወጪው ሁሉ ከተነሣ በኋላ አምስት በመቶ ቢያተርፍ 20,000 ብር ያስገኛል። ከትርፉ ላይ አንድ ሦስተኛው ለግብር ቢሄድ እንኳ ከ13,000 ብር በላይ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ለሚሸጥለት ነጋዴ ሱቁ ከግድግዳው የተሻለ ይከፍላል። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ዓመት ለሚከርምበት ነጋዴ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያው 100,000 ብር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ 5,000 ብር ቢያስገኝ፣ ለባንኩ መክፈሉ ያለ ጥርጥር ይሻላል። እንግዲህ ጨምሬ ልክፈል አልክፈል የሚለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባንኩን ሳይሆን የራሱን የሽያጭ መዝገብ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የገንዘብ ዋጋ መለዋወጥ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ሲቀነስ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲንር አይተናል፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። እንደዚህ ባሉ ዓመታት በብር የተወሰነ ዕዳ ሳይነካ ይቀልላል። ከዐሥር ዓመት በፊት የቤተሰቡን ኑሮ ያናጋ የነበረ የ2,000 ብር ወርኃዊ ክፍያ፣ የዕቃው ዋጋ ሲጨምር የሽያጩም ገቢ አብሮ ለሚጨምርለት ባለሱቅ ቀላል እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ የቆየ ብድር ያለው ሰው ለመክፈል የሚቻኮልበት ምክንያት አነስተኛ ነው። አዲስ ብድር በከፍተኛ ወለድ የወሰደ ሰው ግን ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ደረጃ ላይ ጎረቤት ቢሆኑም እንኳ አንድ ምክር አይበቃቸውም።

ሦስተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው፣ ወደ ግድግዳ የገባ ገንዘብ በተፈለገ ጊዜ የማይመለስ መሆኑ ነው። በቁጠባ ደብተር ያለ ገንዘብ በጠዋት ይወጣል። በመጋዘን ያለ ዕቃ በጥቂት ቀን፣ ምናልባትም ዋጋው ተቀንሶለት፣ ገንዘብ ይሆናል። ለቤት ዕዳ የተከፈለ ገንዘብ ግን ተመልሶ የሚገኘው ቤቱን በመሸጥ ወይም ባንኩ ዳግመኛ ሲያበድር ነው። ባንኩም የሚያበድረው ተበዳሪው በፈለገበት ቀን ሳይሆን ራሱ በፈቀደበት ቀን ነው።

ይህ ባዶ ስጋት እንዳልሆነ የቅርቡ ጊዜ አስተምሮናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት፣ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ጣሪያው ከጊዜ በኋላ ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ቢልም፣ በመካከሉ በቂ መያዣ ይዘው ከባንክ ባንክ ሲመላለሱ የከረሙ ነጋዴዎች ጥቂት አልነበሩም። በዚህ መሐል በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለማስመጣት ወደ 575,000 ብር ይበቃው የነበረ ሰው፣ ያንኑ ዕቃ ለመተካት ከ1,000,000 ብር በላይ አስፈለገው። ከአስመጪው የሚገዛው ጅምላ ሻጭና ከጅምላ ሻጩ የሚገዛው ቸርቻሪም እንደዚሁ ሆኑ።

በዚያ ወራት በመካኒሳ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ጎረቤታሞች ያጋጠማቸውን አውቃለሁ። አንደኛው በ2015 ዓ.ም. ያጠራቀሙትን ሁሉ ለቤታቸው ብድር አስገብተው፣ ከዕዳው ግማሽ ያህሉን በአንድ ጊዜ ቀንሰው ነበር፤ ሰውም ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ብሏቸዋል። ሁለተኛው የወሩን ክፍያ ብቻ እየከፈሉ የተረፈውን ከፊሉን በዕቃ፣ ከፊሉን በቁጠባ ያዙት። የዕቃው ዋጋ በሰማ ጊዜ ሁለተኛው መደርደሪያቸውን እየተኩ ሥራቸውን ቀጠሉ። የመጀመሪያው ግን የሸጡትን ለመተካት ገንዘብ አጠራቸው፤ ከባንክ ብድር ቢጠይቁ ተራ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። በመጨረሻው ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ወሰዱ፤ የዱቤው ዋጋ በእጅ በእጅ ከሚሸጥበት የቱን ያህል እንደሚበልጥ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢያን መንገር አያስፈልግም። በቤታቸው ያዳኑትን ወለድ በሱቃቸው አጥፈው ከፈሉት።

ባንኩ ያለፈውን ጭማሪ አይቆጥርም

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ 5,000 ብር ጨምሮ ቢከፍል፣ በጠቅላላው 120,000 ብር አስቀድሞ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ሥራው ቀዝቅዞ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀር፣ «ያስቀደምኩት ገንዘብ አለና ይታሰብልኝ» ሊል ይችላል። ነገር ግን በውሉ ላይ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ጭማሪው ከዋናው ብድር ላይ ተቀንሶ አልቋል፤ የሚመጣው ወር ክፍያ በቀኑ መከፈል አለበት። ስለዚህ ከውሉ በላይ የከፈለው ሰውና ምንም ያልጨመረው ሰው ክፍያ ባቋረጡ ጊዜ በባንኩ መዝገብ የሚጻፉት በአንድ ዓምድ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፣ ባንኮች ብድሩ ያልተከፈላቸው እንደሆነ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ በመያዣ የያዙትን ንብረት ክስ ሳያቀርቡ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በክፉ ቀን ቤትን ከሐራጅ የሚያድነው ቀድሞ የተከፈለው ጭማሪ ሳይሆን፣ የስድስት ወር ክፍያ የሚሸፍን በእጅ ያለ ገንዘብ ነው። እንግዲህ መጠባበቂያውን አራግፎ ዕዳውን የሚቀንስ ሰው፣ ቤቱን አተርፋለሁ ብሎ የቤቱን ዘበኛ ያሰናበተ ሰው ይመስላል።

እርግጥ ነው፣ መጠባበቂያ መያዝ ዋጋ አለው። 100,000 ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ተቀምጦ ዕዳው 12 በመቶ ወለድ ቢያስከፍል፣ ልዩነቱ በዓመት 5,000 ብር ነው። ይህን 5,000 ብር እንደ ጠፋ ገንዘብ ሳይሆን እንደ መድን ክፍያ ልናየው ይገባል። ለመኪናና ለመጋዘን በየዓመቱ መድን የሚገባ ነጋዴ ለቤቱ ይህን ቢከፍል አያስገርምም። ነገር ግን መድን ከልክ በላይ አይገዛምና፣ ከስድስት ወር ወጪ የሚበልጥ ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ማድረግም ጥበብ አይደለም።

የቤት በጀትና ዕቁብ

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው የቤተሰቡ ኑሮ ነው። የቤቱ ጌታ ከባንክ ሲመለስ የከፈለበትን ደረሰኝ በኩራት ሲያሳይ፣ ወይዘሮዋ በበኩሏ የጤፉን፣ የዘይቱንና የሽንኩርቱን ሒሳብ እያሰበች ዝም የምትልበት ቤት አለ። ጭማሪው የመጣው ከምግቡና ከልጆቹ ትምህርት ተቀንሶ ከሆነ፣ ዕዳው ከባንክ ወደ ቤተሰብ ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም። የዓመቱ ወጪ በወሮች እኩል ተከፍሎ እንደማይመጣም መዘንጋት የለበትም። ሐምሌ የግብር ወቅት ይዞ ይገባል፤ መስከረም ከአዲስ ዓመት በዓል ጋር የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር ያመጣል፤ ከዚያም ገናና ፋሲካ ይከተላሉ። ሕመምና ለቅሶ ደግሞ ቀን ቆርጠው አይመጡም፤ ዕድር የሚያቃልለው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለሆነም በመጋቢት የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ለመስከረም የታሰበ ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት የዓመቱን ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ጭማሪ ክፍያ መጀመር የለባቸውም።

ዕቁብን በሚመለከት ሁለት ቃል ልጨምር። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የደረሰው ዕቁብተኛ የተቀበለው ገንዘብ በአብዛኛው ገና ያላዋጣው ነውና፣ በእውነቱ ወለድ የሌለው ብድር ነው። ይህን ገንዘብ ወለድ ለሚወልደው የቤት ዕዳ ማዋል በሒሳብ ረገድ ብልህነት ነው፤ በወለድ የተያዘው ዕዳ ወለድ በሌለው ተተክቷልና። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውዬው ሁለት ክፍያ፣ የዕቁቡንና የባንኩን፣ ሳያጓድል መወጣት አለበት። ዕቁብ ደግሞ ዋስ የተጠራበት የስም ጉዳይ ነው። ከባንክ ጋር የተበላሸ ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል፤ ከዕቁቡ ጋር የተበላሸ ነጋዴ ግን በገበያው መካከል አመኔታውን ያጣል። ዕጣው በመጨረሻ የደረሰው ሰው በበኩሉ የተቀበለው የገዛ ቁጠባው ነውና በነጻነት ሊያዝበት ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ተራ ይወጣል። በመጀመሪያ ከቤቱ ብድር ይልቅ ዋጋው የከበደ ዕዳ ሁሉ፣ በተለይ የጅምላ ዱቤ፣ ይከፈል። ሁለተኛ ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪና የባንክ ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ ከሱቁ ሒሳብ ተለይቶ በቁጠባ ይቀመጥ። ሦስተኛ ለግብር የሚከፈለው ገንዘብ በየወሩ እየተቆረጠ ለብቻው ይያዝ፤ የመንግሥት ግብር የነጋዴው ገንዘብ አይደለምና። አራተኛ ቶሎ የሚሸጠውን ዕቃ ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ ተመድቦ፣ ከዋጋው መናር የተነሣ ጥቂት ይጨመርበት። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ያለ ስጋት ለቤቱ ዕዳ ይግባ።

ጭማሪውን ለመክፈል የወሰነ ሰው ደግሞ ሥርዐቱን ይጠብቅ። አስቀድሞ የብድር ውሉን አውጥቶ፣ ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ገንዘብ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ ተጽፎ እንደሆነ ያንብብ። በእንግሊዝ አገር ብዙ አበዳሪዎች ወለዱ ሳይለወጥ በሚቆይበት ዘመን ውስጥ በዓመት ከቀሪው ዕዳ እስከ ዐሥር በመቶ ያለ ቅጣት አስቀድሞ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ ለበለጠው ያስቀጣሉ። የእያንዳንዱ ባንክ ውል የተለያየ ስለሆነ የጎረቤት ወሬ ለራስ ውል ማስረጃ አይሆንም። ከወለድ ነጻ በሆነ አሠራር፣ በሙራባሐ የገዛ ሰው ደግሞ የሽያጩ ዋጋ በውሉ ቀን የተቆረጠ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መክፈሉ በራሱ ዋጋውን እንደማይቀንስ አውቆ ባንኩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውን ግልባጭ ከደረሰኙ ጋር በፋይል ያኑር፤ አዲስ የክፍያ ሠንጠረዥም ይጠይቅ። ባንኩ የብድሩን ዘመን ከማሳጠርና ወርኃዊውን ክፍያ ከመቀነስ አንዱን እንዲመርጥ ቢፈቅድለት፣ ገቢው ከፍና ዝቅ ለሚል ነጋዴ ወርኃዊውን መቀነስ ይሻላል እላለሁ። በደኅና ወር በፈቃዱ ሊጨምር ይችላል፤ በክፉ ወር ግን የሚገደድበት ክፍያ ያነሰ ይሆንለታል። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ባለቀ ጊዜም ከባንኩ የዕዳ ነጻ ማረጋገጫ ተቀብሎ፣ በቤቱ ካርታ ላይ የተመዘገበው እግድ እንዲነሣ እስኪያስደርግ ድረስ ሥራው ተፈጸመ አይበል።

ስለ ሌላው ወገን ሐሳብ

«ሰው ያለ ዕዳ ሲተኛ እንቅልፉ ይጣፍጣል፤ ይህን በብር ልትተምነው አትችልም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው። ዕድሜው የገፋና ሱቁን ለመዝጋት የተቃረበ ሰው፣ ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለውና ገንዘቡን የሚያዞርበት ንግድ የሌለው ሰው፣ መጠባበቂያውን ካስቀመጠ በኋላ ዕዳውን ቢያፋጥን እኔም አብሬው ደስ ይለኛል። እጁ ገንዘብ ሲይዝ የማያስቀር ሰውም እንደዚሁ ነው። ሳይከፍለው ቢቀር በከንቱ የሚበተን ገንዘብ ከሆነ ባንክ መግባቱ ይሻላል። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ ነጋዴ የእንቅልፉ ሰላም ከሁለት ምንጭ እንደሚመጣ ማስታወስ ይገባዋል። ዕዳው ባነሰበት ሌሊት ይተኛል፤ ነገ ዕቃ የሚተካበት ባጣ ሌሊት ግን ዕዳ የሌለበት ቤትም እንቅልፍ አይሰጠውም።

ባንኮቻችን በዚህ ረገድ ሊረዱን የሚችሉበት መንገድ አለ። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ አንዳንድ ባንኮች የደንበኛውን የቁጠባ ሒሳብ ከቤት ብድሩ ጋር ያያይዙታል፤ ወለዱ የሚታሰበው ከዕዳው ላይ የቁጠባው ገንዘብ ተቀንሶ በሚቀረው ላይ ብቻ ነው። ባለገንዘቡ በፈለገ ጊዜ ቁጠባውን ያወጣል፤ እስኪያወጣው ድረስ ግን ወለዱን እየቀነሰለት ይቆያል። እንዲህ ያለ አሠራር በአገራችን ቢለመድ፣ ከዚህ በላይ ያነሣነው ክርክር ግማሹ በዚያው ባለቀ ነበር። ነጋዴው የመስከረሙን ገንዘብ ከመጋቢት ጀምሮ ለዕዳው ሲያሠራው ቆይቶ በመስከረም ለትምህርት ቤት ባወጣው ነበር። ባንኩም ተቀማጩ ወደ ሌላ ባንክ ሳይሄድበት፣ ተበዳሪው ክፍያ ሳያቋርጥበት በተጠቀመ ነበር። የንግድ ምክር ቤታችን ጉዳዩን ለባንኮች ማኅበር ቢያቀርበውና ቢወያይበት ለአባላቱ ትልቅ አገልግሎት እንደሚሆን አምናለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ደብተር መወሰን አለበት። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ፣ ለባንክ ልክፈል ያለውን ጭማሪ አስቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፈው፤ ከጎኑም መጠባበቂያውን፣ የግብሩንና የዕቃ መተኪያውን ገንዘብ ያስፍር። ሦስቱ የተሟሉ ከሆነ በሙሉ ልብ ይክፈል። አንዱ ከጎደለ ግን ጭማሪው አንድ ወር ይቆይ፤ ዕዳው በአንድ ወር አይሸሽም። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለነጋዴ ነው ማለት ይቻላል። ቤቱ አንዱ ባላ ነው፤ ሱቁ ሁለተኛው ነው። አንዱን ለማጠንከር ሌላውን የሚነቅል ሰው ነፋስ በመጣ ጊዜ የሚይዘው ያጣል።